ከርከሮ፣ አህያና የምንጩ ዋጋ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይስማ። ምንጭ የያዘ አንድ ከርከሮ ለውኃው የሚቀበለውን ሥራሥር እጥፍ አደረገው። ጦጣ እንስሳቱን ሰብስባ፣ «ነገ ማንም አይጠጣ፤ ያኔ ዋጋውን ይቀንሳል» አለች። ሁሉም በዚያው ዕለት እስኪበቃቸው ጠጥተው በማግስቱ ቀሩ። ከርከሮም «ነገ ጠምቷችሁ ትመጡ የለ» ብሎ ተኛ። እንዳለውም ከፍለው ጠጡ።

አህያን ግን ነገሩ ከነከናት። ጎህ ሲቀድ ጤዛ ያዘለ ሣር ስትግጥ ጥማቷ ቀለለላት፤ ምንጩ ዘንድም በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ትሄድ ጀመር።

«እትዬ አህያ፣ ምን አግኝተሽ ነው?» ሲሏት እንስሳቱን ጤዛውን አሳየቻቸው፤ እነሱም እንደሷ ያደርጉ ጀመር።

ወር ሳይሞላ፣ ሥራሥር መቆፈር የተወው ከርከሮ ሆዱ ተጣብቆ አህያ ዘንድ መጣ። «በድሮው ዋጋ ይሁንላችሁ፤ ብቻ ኑልኝ» አላት።

አህያም ሣሯን እያላመጠች፣ «እሺ፣ ሲጠማን እንመጣለን» አለችው።

ተረቴ አለቀ፣ ጥጋብ ለሰሚው።