ውሃ ያፈላው ፍም

ኑ እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ! የሚያዛጋ ይተኛ፣ የነቃ ይስማ። በተረቴ መሀል የሚያወራ ግን ወዮለት!

በድሮ ዘመን፣ እንኳን የእኔ የአያቴም ጥርስ ሳይበቅል፣ ቆቅ ውሃ በሚባል ወንዝ ዳር አንድ መንደር ነበረ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል። የደፈረሰውን የጠጣ ልጅ ሆዱን ይታመማል፤ የታመመውም ይሞታል። በዚያ መንደር የምትኖር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ሁለት ልጆቿን እንዲህ ቀብራለች። የቀረቻት አለሚቱ ብቻ ነበረች።

የአገሩ ሹም ፊታውራሪ መሸሻ አንድ መነኩሴን መላ ጠየቁ። መነኩሴውም «ውሃውን አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጠጡ» አሏቸው።

ሹሙ ነጋሪት አስጎሰሙ። «ውሃ አፍላ! ያላፈላህ ወዮልህ!» ሕዝቡ እጅ ነስቶ ተመለሰ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሳቀ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት እማማ የሻረግ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። «ውሃ ወጥ ነው እንዴ የሚቀቀለው?» አሉ። ቀልዳቸው ከነጋሪቱ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ያን ክረምት ልጆች ሞቱ።

በሁለተኛው ዓመት ሹሙ አለንጋ ላኩ። ወታደሮቹ ሲመጡ ሁሉም ማሰሮ ጣደ፤ ኮረብታውን ሲሻገሩ ሁሉም ማሰሮ አወረደ። ያንንም ክረምት ልጆች ሞቱ።

በሦስተኛው ዓመት «ውሃ ላፈላ በሬ እሸልማለሁ» አሉ። ቢሻው የሚባል ስግብግብ ማሰሮውን ደጅ አውጥቶ፣ ሰው እያየው አንዴ አፈላና በሬውን ነድቶ ገባ። ልጆቹ ግን እንደ ልማዳቸው ከወንዙ ይጠጡ ነበር። ያንንም ክረምት ልጆች ሞቱ።

ሹሙ መረራቸው። «በቃ! መጪው ክረምት አንድ ልጅ ከገደለ መንደሩን አፈርሰዋለሁ፤ ቆላ ወርዳችሁ ትበተናላችሁ!»

ማንጠግቦሽ ልቧ ተሰነጠቀ። የልጆቿን መቃብር ጥላ ወዴት ትሂድ? ቆላ ወርዳ አለሚቱን ለወባ ትስጣት? ተነሥታ ሹሙ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህን ክረምት ለእኔ ይስጡኝ።»

«ለአንቺ? ነጋሪት የለሽ፣ አለንጋ የለሽ፣ በሬ የለሽ! ምን ይዘሽ ነው?»

«ጎረቤት አለኝ።»

ሹሙ ከት ብለው ሳቁ። «ካልሆነልሽ መጀመሪያ የሚፈርሰው ያንቺ ጎጆ ነው!»

«ይፍረስ» አለች።

ያኔ ክብሪት የለም፣ ልጆቼ። እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ከጎረቤት ፍም ይጭራል። ማንጠግቦሽ ወደ አንድ ቤት ሄደች። «እሳትሽ ሲጠፋ ከማን ትጭሪያለሽ?» «ከእማማ የሻረግ፤ የእሳቸው ምድጃ አይጠፋም።» ወደ ሁለተኛው ቤት ሄደች። «ከእማማ የሻረግ፤ ወሬውም ያለው እዚያ ነው።» ወደ ሦስተኛው ሄደች። «ይሄ ይጠየቃል? ከእማማ የሻረግ ነዋ!»

ማንጠግቦሽም ገሏን ይዛ እማማ የሻረግ ቤት ገባች። እሳት አላጣችም፤ ሰበብ ነው።

«ምን እግር ጣለሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«እማማ፣ ሁለቱን ልጆቼን የገነዙልኝ አንቱ ነዎት። ሦስተኛዋን እንዳይገንዙ ልለምንዎት መጣሁ።»

የእማማ የሻረግ ምላስ ስለታም ቢሆንም ሆዳቸው ቡቡ ነበር። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደግሞ አስለቅሺኝ! በይ ያን ማሰሮ አቀብይኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ገል ይዛ የመጣች ሁሉ የፈላ ውሃ በማሰሮ ሲቀዘቅዝ አየች። እማማ የሻረግም ፍሙን ከመስጠታቸው በፊት «የእኔ እሳት መጀመሪያ ውሃ ያፈላል፣ ቀጥሎ ወጥ ይሠራል። እንቢ ካልሽ ገልሽን ይዘሽ ሂጂ!» ይላሉ። እሳት የሰጠን ሰው ቃል ማጠፍ ደግሞ ነውር ነው። ከእሳቸው የጫረችው ለጎረቤቷ ስትሰጥ ቃሉንም ሰጠች። ጎረቤቷም ወንዝ ማዶ ላለችው ሰጠች። የቢሻው ምድጃ እንኳ ዝናብ ገብቶበት ጠፋና ሚስቱ ገል ይዛ ወጣች።

አደይ ሲፈነዳ ሹሙ ወታደሮቻቸውን መጥረቢያ አስይዘው መጡ። አዲስ መቃብር ፈለጉ፤ የለም። ልጆቹ እየተንጫጩ ከየጎጆው ወጡ፤ ከፊት አለሚቱ አደይ ታቅፋ ትሮጣለች።

«በምን አለንጋ አሳመንሻቸው?»

«በፍም፣ ጌታዬ። እርስዎም እኮ ክረምቱን የፈላ ውሃ ሲጠጡ ነው የከረሙት።»

«እኔ?»

ወጥ ቤታቸው እንኮዬ ከኋላ አቀረቀረች። «እሳት ጠፍቶብኝ ከመንደሩ አስጭሬ ነበር፣ ጌታዬ። ቃሉም አብሮ መጣ።»

እዩልኝ እንግዲህ! ሦስት ዓመት ሙሉ «ውሃ አፍሉ» ሲሉ የኖሩት ሰውዬ ራሳቸው አፍልተው አያውቁም ነበር! ሹሙ አፈሩ፤ አፍረውም ሳቁ። የቢሻውን በሬ አስመልሰው ለመንደሩ አሳረዱ። ለማንጠግቦሽም ካባ አለበሷት። እልልታው ወንዝ ተሻገረ፤ ከሁሉ አብልጠው እልል ያሉት እማማ የሻረግ ነበሩ።

ስለዚህ ነው «አዋጅ ደጅ ድረስ፣ ጎረቤት ጓዳ ድረስ» የሚባለው።

ተረቴን እንደ ፍም ጭራችሁ ሂዱ፤ ለጎረቤትም አካፍሉ። ለእኔ አፍ ማበሻ ዳቦ መተዉን ግን እንዳትረሱ!