ሁለት ቦታ ውሎ የትም ያልነበረው ሰው

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበረ። ስሙን ልተወው። ስሙን ከነገርኋችሁ «ይሄማ ስለ እገሌ ነው» ብላችሁ ልታመልጡኝ ነው፤ አውቃችኋለሁ።

የሚሠራው ቦይለር ላይ ነው። ቦይለር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ክዳኑ የማይከፈት፣ ክፍል የሚያህል የብረት ድስት በሉት። ከሥሩ እሳት፣ በውስጡ ውሃ አለ፤ ፋብሪካው በሙሉ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በሚወጣው እንፋሎት ነው። ውሃው አልቆ እሳቱ ከቀጠለ ግን ድስቱ ይፈነዳል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ጨርቅ ይሸምናሉ። እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ ምንድን ነው? ውሃውን ማየት ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ውሃውን ማየት!

ይህ ሰው ብስክሌት ይወዳል። መውደድ ብቻ መሰላችሁ? ዕድሜው አርባን አልፏል፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ ይንቋቋል። ግን ከሥራ በወጣ ቁጥር ብስክሌቱ ላይ ይወጣና የሐረጎን ዳገት ይያያዘዋል። ዓመት በመጣ ቁጥር ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴ የሚገባ የአማተሮች ውድድር አለ። ለዚያች አንዲት ቅዳሜ ስድስት ወር ሲዘጋጅ ከረመ።

ታዲያ ምን ክፉ አለው? ምንም! ሥራውን የሚሠራ፣ ቤቱን የሚያስተዳድር፣ በትርፍ ሰዓቱ ላቡን የሚያፈስ ሰው ነው። ከመካከላችን ስንቱ በትርፍ ሰዓቱ ሰው ሲያማ ይውላል!

ችግሩ ወዲህ ነው። ሰውየው ዳገቱ ላይ ሲሆን ልቡ ቦይለሩ ጋ ነው። «ማጣሪያውን አጠብሁት? መዝገቡ ላይ ፈረምሁ? ያ የሚያፏጨው ቧንቧ ምን ሆኖ ነው?» ቦይለሩ ጋ ሲቀመጥ ደግሞ ልቡ ዳገቱ ላይ ነው። «ሦስተኛው ኩርባ ላይ ማርሽ ልቀይር ወይስ በያዝሁት ልውጣ? ጎማው ነፋስ አይጎድለውም?» ቤቱ ሲገባ ሁለቱም አብረውት ይገባሉ። ሚስቱ ሁለቴ ሳትጠራው ሰምቷት አያውቅም።

እሱንና ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች የሚያሠለጥኑት ጋሽ ደምሰው የሚባሉ፣ መናኸሪያው አጠገብ ብስክሌት የሚጠግኑ የድሮ ተወዳዳሪ ናቸው። አንድ ልማድ ነበራቸው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉንም ያስቆሙና «ዛሬ መንገዱ ላይ ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ «በግ የጫነ አይሱዙ» ይላል። ሌላው፣ ልብስ ሰፊ የሆነው፣ «ገደሉ አፋፍ ላይ ጦጣ ከነልጇ» ይላል። ይህ ሰው ተራው ሲደርስ ያላበውን ፊቱን ይጠርጋል።

«እኔ እንኳ አላየሁም፣ ጋሼ።»

«አንተ ሰው» አሉት አንድ ቀን፣ ቆጣ ብለው። «ስድስት ወር ሙሉ እግርህን ነው የምትልክልኝ። አንተ ራስህ መቼ ነው የምትመጣው?»

ሳቀ። እንደ ቀልድ ቆጠረው። እኛስ ብንሆን?

ቅዳሜዋ ደረሰች። ሰውየው የጠዋት ፈረቃ ስለነበረ፣ ይማም የሚባለው የሥራ ጓደኛው ቀድሞ ገብቶ ሊተካው ተስማምቶ ነበር። ሰውየው ራሱ ሌሊቱን በደንብ አልተኛም፤ ጎህ ሳይቀድ ገብቶ ቦይለሩን አስነሣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከቦይለሩ ጎን፣ በውስጡ ያለው ውሃ የት እንደደረሰ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ አለ። ቆሻሻ እንዳይደፍነው በየፈረቃው ይታጠባል። ሲታጠብ ሁለት ትንንሽ ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ታጥቦ ሲያበቃ ይከፈታሉ። ካልተከፈቱስ? ጉዱ ያኔ ነው! ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ድስቱ ውስጥ ውሃው እያለቀ፣ መስታወቱ «ሙሉ ነው» ይላል። የሚያየው ሰው ሁሉ ተማምኖ ይቀመጣል። ውሃ ሲያንስ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ነበረ፤ ተበላሽቶ መለዋወጫ ከተጠየቀለት ሁለት ወር አልፎታል።

ሰውየው መስታወቱን አጠበ። ይማም መጣ። ተፈራረሙ። ሰውየው ልብሱን ቀየረ፣ ቁጥር አሥራ ሰባትን ጀርባው ላይ ለጠፈና ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ።

ውድድሩ ተጀመረ። ወገኖቼ፣ ያን ዕለት እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆነለት! አራተኛው ኩርባ ላይ ከፊት ከሚመሩት ስድስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከኋላው ሃምሳ ሰው ተንጠባጥቧል። ያ ሁሉ ድካም ፍሬው ሊታይ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር።

ድንገት አንድ ሐሳብ መጣበት።

«ቫልቮቹን ከፍቻቸዋለሁ?»

«እንዴታ! በየቀኑ እከፍታቸው የለ?» አለ ለራሱ። ሁለት ጊዜ ፔዳሉን ረገጠ። «ዛሬስ? ዛሬ ከፍቻቸዋለሁ?»

ለማስታወስ ሞከረ። ጨርቁን መያዙ ትዝ ይለዋል። ቆሻሻው ውሃ ሲወርድ ትዝ ይለዋል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ትዝ የሚለው የብስክሌቱ ጎማ ነው፤ መስታወቱን እያጠበ ስለ ጎማው ያስብ ነበራ! እጁ ሠርቶ ይሆናል። እሱ ግን እዚያ ስላልነበረ ምስክር የለውም። ለገዛ እጁ ምስክር ማጣት እንዴት ያስጨንቃል!

ከዳገቱ የመጣ ላብ ሳይሆን ሌላ ቀዝቃዛ ላብ ጀርባው ላይ ወረደ። አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ለይማም ደወለ። አይነሣም። ደገመ። አይነሣም። ቦይለር ክፍል ውስጥ የስልክ ድምፅ እንደማይሰማ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጥበቃዎቹ ስልክ ደግሞ ከተበላሸ ከርሟል። ሦስተኛ ሲደውል ከፊቱ የነበሩት አምስቱ ኩርባውን አልፈው ተሰወሩ።

ጋሽ ደምሰው ከኋላ በሞተር ይከተሉ ነበርና ደረሱበት።

«ምን ነካህ? ያዛቸው እንጂ! እግርህ እኮ ደኅና ነው!»

«ጋሼ፣ ቫልቩን መክፈቴን እርግጠኛ አይደለሁም።»

«የምን ቫልቭ?»

«ዘግቼው ከሆነ ይፈነዳል። ሰዎች አሉ እዚያ፤ ይማም አለ!»

አንድ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ቆመ። ሽቅብ ካየ ስድስት ወሩ አለ። ቁልቁል ካየ ሜዳው ላይ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታየዋል። ጭሱ ይወጣል። ጭስ አለ ማለት ደግሞ እሳቱ እየነደደ ነው ማለት ነው።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ዞረ። ያን ያህል የታገለውን ዳገት ቁልቁል ወረደው። ተሳቢ መኪናዎቹ ጡሩምባ እየነፉ ያልፉታል፤ ኩርባ በኩርባ ላይ ነው፤ እሱ ግን ዓይኑን ከጭሱ አይነቅልም። ጭሱ የተሰወረበት ኩርባ ሁሉ ሞት ሆነበት። «አምላኬ፣ ሌላው ይቅርብኝ፤ እሱን ብቻ ጠብቅልኝ» እያለ ነበር የሚወርደው። የይማም ፊት በዓይኑ ላይ ሊመጣለት አልቻለም። ጠዋት ምን ለብሶ እንደነበረ እንኳ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

በሩ ላይ ብስክሌቱን ወረወረው። ጥበቃዎቹ «ምን ሆነሃል?» ሲሉት አልመለሰም። በዚያ በሚያንሸራትት የብስክሌት ጫማው እየወደቀ እየተነሣ ቦይለር ክፍሉን ከፍቶ ገባ።

ይማም በርጩማው ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያያል።

«ቫልቩ!» አለ ሰውየው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የመስታወቱ ቫልቭ! ከፍቼዋለሁ?»

ይማም ከላይ እስከ ታች አየው። «ከፍተኸዋል» አለው። «ደግሞ እኔም ስረከብ መልሼ አጥቤዋለሁ። ሁልጊዜም ስረከብ አጥበዋለሁ። ውድድሩስ?»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሳቅም ለቅሶም መጣበት። «ተመስገን» አለ። «ተመስገን አምላኬ! ዘንግቼው መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ለካ ምንም አልዘነጋሁም!»

ይማም ውሃውን አየ። ከዚያ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል ተናገረ።

«አባቴ እኮ ሞተ።»

«ምን አልህ? መቼ?»

«ያለፈው ሳምንት ዓርብ። ሐርቡ ወስደን ቀበርነው። ሦስት የሥራ ቀን ቀረሁ። በእኔ ቦታ የጥገናው ልጅ ነበር የሚረከብህ። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የፋብሪካው ሰው ሁሉ በመኪና ተጭኖ ለቅሶ መጣ።»

«ይማም፣ በፈጠረህ፣ ማንም አልነገረኝም!»

«እኔ ነግሬሃለሁ። ረቡዕ ዕለት ስመለስ፣ እዚችው ቦታ ላይ ቆመን። እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው አልኸኝ። አባቴን ቀብሬ መምጣቴ ነው አልሁህ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኸኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረግህና፣ ቅዳሜ ጠዋት ትገባልኛለህ አይደል አልኸኝ። እሺ አልሁህ።»

ሰውየው ዳገቱን ሁሉ ሲወርድ የፈራው ይህን አልነበረም። የፈራው አልሆነም፤ ያልፈራው ግን ሆኖ ስምንት ቀን አልፎታል። ተነሥቶ፣ በዚያ በሚያስቅ የውድድር ልብሱ፣ ይማም ፊት ቆመ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለው። ይማምም ያኔ ነው፣ ዓይኑን ከውሃው አንሥቶ፣ እንባውን በእጁ የጠረገው።

ወገኖቼ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ብስክሌት ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ሥራም ተዉ አላልሁም። ሰውየው ሁለት ዛፍ መውጣቱ አልነበረም ጥፋቱ። አንዱ ላይ ሆኖ ሌላውን ማየቱ ነው። ሲጋልብ ልቡ ግልቢያው ላይ፣ ሲሠራ ልቡ ሥራው ላይ ቢሆን፣ ሁለቱም ይበቁት ነበር።

ጭንቀት ትጋት ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። «ስለምጨነቅ ነው ቤቴ የቆመው» የምትይ እናት፣ እዚህ መካከል አለሽ። «እኔ ካላሰብሁበት ይፈርሳል» የምትል ነጋዴ፣ አንተም አለህ። እስኪ ልጠይቃችሁ። ሰውየው ስንት ሰዓት ስለ ቫልቩ ተጨነቀ? ቫልቩ በዚያ ጭንቀት ተከፈተ? ሳይጨነቅ ውሃውን የሚያየው ይማም ነበር የጠበቀው! የተጨነቀውማ ጓደኛው ሲያለቅስ አልሰማም።

ስንቶቻችን ነን ያልሆነውን ፈርተን፣ የሆነውን ያለፍን? ስለ ልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያ ስታስብ፣ ልጁ ራሱ አጠገብህ ሆኖ የነገረህን ያልሰማህ? ጸሎት ቤት ተቀምጠሽ ስለ ገበያው፣ ገበያ ላይ ስለ ቤቱ፣ ቤት ገብተሽ ስለ ነገው? አሁን እንኳ፣ ይሄን እየነገርኋችሁ፣ ምድጃውን ማጥፋቷን የምትጠራጠር አንዲት እኅት እዚህ አትጠፋም! ተነሥተሽ ሂጂ፤ አልቀየምሽም። ከቀረሽ ግን እዚሁ ቅሪ።

በዚህ ሳምንት ስንት ሰው «እንዴት ናችሁ?» ብላችሁ ጠየቃችሁ? መልሱን ጠብቃችኋል? ወይስ እናንተ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ ስታልፉ፣ አንድ ሰው አባቱን ቀብሮ ከኋላችሁ ቆሞ ቀርቷል? አስቡት፤ ትዝ ካላችሁ ዛሬውኑ ሂዱ። ትዝ ካላላችሁ ግን ይበልጥ ፍሩ።