የሳንቃው ሦስት ክንፎች

ተረት ልንገራችሁ። «ንገሪን» በሉኝ። ጆሯችሁን ወዲህ፣ ልባችሁንም ወዲህ።

ድሮ ድሮ፣ ሳንቃም ቅልም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር እመት ጦጢት የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ብርቄ፣ ውሃው ጎድሎ ሳለ፣ የወፍ እንቁላል ፍለጋ ሐይቁ ውስጥ ወዳለው ቋጥኝ ተሻገረች። ነፋስ ተነሣ። ውሃው ሞላ። ቋጥኙ ከሥሩ እየተዋጠ፣ እየተዋጠ ሄደ። ጦጣ ደግሞ ዋና አታውቅ።

ማዕበሉ ወደ ሐይቁ ገባ ካለችው ጉብታ ይነሣል፣ በቋጥኙ አጠገብ ያልፋል፣ ማዶ አሸዋው ላይ ይሰበራል። ጉብታዋ ሥር ከአሮጌ ጀልባ የተረፈ ሳንቃ ተጋድሞ ነበር።

«አያ ሳንቃ፣ በማዕበሉ ጀርባ ውሰደኝ። በዚያ ሳልፍ ልጄን ላንሣት» አለችው።

«መሄዱን እሄዳለሁ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም» አላት።

ወጣችበት። ማዕበሉ ገፋቸው። ሳንቃው እንደ ሰካራም በጎኑ ተንሸራተተ፣ ተሽከረከረ፣ ጦጢትን አሸዋው ላይ ደፋት። እሷም እየጎተተችው ወደ ጉብታዋ ተመለሰች።

እዚያ የተሰበረ ቅል ነበር፤ አንዷ ስባሪ ትልቅ፣ ሁለቱ ትንንሽ መንትዮች። ትልቋ ቀድማ፣ ዓሣ እንኳ ያለ ክንፍ አይሄድ፣ እኔ ክንፍ ልሁንህ አለችው። ነገር ግን ከጭራው ጫፍ ካልሆነ አልቀመጥም፣ ከእነዚህ ፍርፋሪዎች ጋርም አልሄድም አለች። ጦጢት ከሳንቃው ሆድ በኩል፣ ጭራው ጫፍ ላይ በጥርሷ ስንጥቅ ከፍታ ሰካቻት፤ በልጥም ጠፍራ አሰረቻት።

ማዕበሉ ገፋቸው። ሳንቃው እንደ ተወረወረ ጦር ቀጥ ብሎ ሄደ። ጦጢት ወደ ቋጥኙ አጋደለች። ሳንቃው አልዞረም። ብርቄ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቻቸው ሳይነካኩ ተላለፉ።

«አንገቴ የታሰረ መሰለኝ» አለ ሳንቃው፣ ወደ ጉብታዋ ሲመለሱ።

መንትዮቹ ሳቁ። «እትዬ ትልቋ፣ ቋጥኙን ተሰናበትሽው እንዴ?»

ጦጢት ትልቋን ነቅላ መንትዮቹን ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊት ጠጋ አድርጋ ሰካቻቸው። ማዕበሉ ገፋቸው። አሁን ሳንቃው ገና ሲያጋድሉት ይዞራል። ዞረ፣ ዞረ፣ ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ጭራው ሸሸና ፊቱን አዙሮ አለፈ።

«ወገቤ ከዳኝ» አለ።

ጉብታዋ ጋ ሲመለሱ አሁን ሳቁ የትልቋ ሆነ። ውሃው ግን እስከ ብርቄ ጉልበት ደርሶ ነበር።

ጦጢት አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ውሃውን አየች። አንድ ዓሣ ከድንጋይ ድንጋይ እየታጠፈ ይዋኛል፤ ሁለቱ ክንፎቹ ከጉንጩ ኋላ፣ ሌላው ከሆዱ በታች፣ ከጭራው ጫፍ ፈንጠር ብሎ። አየችና ተነሣች። ትልቋን ከጫፉ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከመንትዮቹ ኋላ ተቀመጪ አለቻት። ትልቋ ክብሬስ አለች።

«የማስቀምጥሽ ለክብርሽ አይደለም» አለች ጦጢት። «ለልጄ ነው።»

ትልቋም በቀስታ፣ «ወዴት ልጠጋ?» አለች።

ጦጢት ቦታዋን አሳይታ ሰካቻት። ማዕበሉ መጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው። ትልቋ ጭራውን ያዘች፣ መንትዮቹ ጎኑን ያዙ። ጦጢት አጋደለች፣ ሳንቃው ዞረ። ቀና አለች፣ ሳንቃው ቀና አለ። ቋጥኙን ታክኮ ሲያልፍ ብርቄ ዘለለች፤ እናቷ ጀርባ ላይ ተለጠፈች። ማዕበሉ ከኋላቸው እንደ ግንብ ተነሣ፤ እነሱ ግን ከፊቱ ይጋልባሉ፤ ወዲህ ታጥፈው፣ ወዲያ ታጥፈው፣ አሸዋው ላይ እንደ ንጉሥ ፈረስ ቆሙ።

«አሁን አንገትም አለኝ፣ ወገብም አለኝ» አለ ሳንቃው።

መንትዮቹ ትልቋን እንዴት ነሽ አሏት። እሷም፣ ከጫፉ ይልቅ እዚህ ይመቻል አለች።

ቦታውን ላገኘ ማዕበል ፈረሱ ነው።

ተረቴን እስከ አሸዋው አደረስኳት፤ ከዚህ ወዲያ እናንተ ተሸከሟት።