ሊደርቅ የተተከለው ድንኳን

አንድ ሰው ነበረ። ጉበቱን ታሞ፣ ሐኪሞቹ «እንግዲህ ቤቱ ይረፍ» ብለው የመለሱት። ሰፈሩ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ጠያቂ ሲመጣ «እኔ እንደሆንኩ ለመሄድ ተዘጋጅቻለሁ። ጌታዬን አውቀዋለሁ» ይላል። ጠያቂውም «ወይ እምነት!» እያለ ይወጣል።

ታዲያ ይህ ሰው ወርቅነህ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። በእናታቸው ቤት አጥር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ያውም ሩቅ አገር አይደለም፤ ከወንዙ ማዶ ነው፣ የቤቱ ጭስ ይታያል። ሚስቱ የሺመቤት «እባክህ ደግፌ፣ ልላክበት» ስትለው፣ ያ ለመሞት የተዘጋጀ ሰው ከትራሱ ቀና ይልና «ታላቁ እኔ ነኝ! እሱ ይምጣ» ይላል።

አያችሁልኝ? መንግሥተ ሰማያት ለመግባት ተዘጋጅቷል። ወንዝ ለመሻገር ግን አልተዘጋጀም።

ነሐሴ ነበር። የእድሩ ድንኳን በአንድ ቀብር ላይ ዝናብ ጠጥቶ ሊሻግት ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ አቶ ሽብሩ ድንኳኑን አሸክመው ወጡ። መሬት ላይ እንዳያሰጡት ጭቃ ነው፤ ተክለው ሊያደርቁት አሰቡ። ደህና ሜዳ ያገኙት የት ነው? ደግፌ ደጃፍ! ተከሉት፣ ካስማውን መቱና ቁርሳቸውን ሊበሉ ሄዱ።

እስቲ አስቡት፤ የታመመ ሰው ደጅ ላይ የእድር ድንኳን! ያየ ላላየ ነገረ። «ጡሩምባው ሳይነፋ?» ብሎ የጠየቀ እንኳ የለም። የሺመቤት ወፍጮ ቤት ናት። ደግፌ ከአልጋው ሆኖ ለቅሶ ሰማ። «ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ጆሮውን ቢጥል፣ የሚለቀሰው እሱ ነው!

«በስመ አብ!» አለ።

ሊጣራ አፉን ሲከፍት አንድ ድምፅ ሰማ። ዘጠኝ ዓመት ያልሰማው ድምፅ ነው።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ለአንድ ክንድ አጥር ብዬ አጣሁህ! እንዴት አደርክ ሳልልህ! አሁን ማንን ይቅር በለኝ ልበል?»

ደግፌ ከቆመ ሳምንት አልፎታል። ያን ቀን ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። በሩ ላይ ብቅ ሲል ሴቶቹ እሪ ብለው ሸሹ። ጭቃው ላይ የተደፋው ወርቅነህ ብቻ ቀረ፤ ቀና ብሎ አየው፣ እንባው እንደወረደ።

«ወርቄ፣ ተነሥ። አለሁ» አለ ደግፌ። ወርቅነህ አፉን ሲከፍት እጁን አንሥቶ አስቆመው። «ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ታላቁ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

አቶ ሽብሩ ቁርሳቸውን በልተው ሲመለሱ፣ ሁለት ወንድማማቾች እርጥቡ ድንኳን ሥር ተቃቅፈው ይንሰቀሰቃሉ። «ኧረ ምን ጉድ ነው? ማን ሞተ?» አሉ ደንግጠው።

ደግፌ በመስከረም መጨረሻ ዐረፈ። ድንኳኑ እዚያው ሜዳ ላይ ተተከለ፤ ካስማውን የመታው ወርቅነህ ነው። አለቀሰ፣ እንዴት አያለቅስ? ነገር ግን «ሳልልህ» የምትለዋ ቃል ከለቅሶው ውስጥ አልነበረችም።

ወገኖቼ፣ ሐዋርያው ይህን ሥጋችንን ድንኳን ብሎታል። ድንኳን ይነቀላል፤ የእኔም ይነቀላል፣ የእናንተም። እኛ ግን የማይነቀል ቤት በሰማይ አለን፤ ስለዚህ ሞትን አንፈራም። እሰይ! ግን ልጠይቃችሁ፤ ሞትን ያልፈራችሁ ሰዎች፣ ይቅርታን ለምን ትፈራላችሁ? ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ደረት እየመታችሁ የምትናገሩትን ዛሬ ለምን አትናገሩትም? አቶ ሽብሩ ደጃችሁ ድንኳን እስኪተክሉ ነው የምትጠብቁት?

እናንተስ ማዶ ማን አላችሁ? ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትሂዱ፤ መጀመሪያ ወንዙን ተሻገሩ። «ታላቁ እኔ ነኝ፣ እሱ ይምጣ» የምትሉ ካላችሁም፣ ታላቅ ከሆናችሁ ቅደሙ።