የእንጉዳይ ላምና የዋሻው ዘንዶ

ተረት ተረት!

፦ ንገሪን በእውነት!

በእውነትማ እነግራችኋለሁ። እናንተ ግን የሰማችሁትን ሁሉ አትመኑ፤ እኔንም ጨምሮ።

በድሮ ዘመን ጭቃ ሹም ደረሶ የሚባል ሰው እንጉዳይ የምትባል መበለት በደለ። አንዲት ላሟን፣ ያውም ለመውለድ የደረሰችውን፣ በዘንዶ ስም ወሰደባት። እንግዲህ በዳዩንም ተበዳይዋንም አወቃችሁ። ዘንዶውን ቆዩኝ፤ ይመጣል።

መንደራቸው ገደል አፋፍ ላይ ነበረና ወደ ቆላው የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። መንገዱም በዋሻ ደጅ ያልፋል። በዋሻውም ዘንዶ አለ ይባላል። ማን አየው? ማንም። ማን ተናገረ? ጭቃ ሹም። በየወሩ ዕጣ ይጣልና ዕጣ የወጣበት ሰው አንድ ከብት ያስረክባል። ጭቃ ሹምም ብቻውን ወደ ዋሻው ይነዳል። «ካልበላ መንደሩን ይጨርሳል» ይላል። ከዚያም ገመዱን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

እንጉዳይ ገመድ እየገመደች ነበር የምትኖረው። የመንደሩ ገመድ ሁሉ ከእጇ ነው የሚወጣው። ገመዱ ሲመለስ ታየዋለች። አልተበጠሰም። አልታኘከም። ደምም የለበትም። ቋጠሮው በወጉ ተፈቷል። እንዴ፣ ዘንዶ ጣት አለው? ትጠረጥር ነበር፤ ግን ፈሪ ናት። ጎረቤት ዶሮዋን ቢያርድባት «የኔ አይደለችም መሰለኝ» የምትል ፈሪ።

ዕጣው በእሷ ላይ የወጣ ዕለት ጎረቤቷ እትዬ በለጡ መጡ።

፦ አንቺ ሴት፣ ተናገሪ እንጂ!

፦ እኔ ማን ሆኜ፣ እትዬ?

፦ የላሟ ባለቤት ነሻ!

፦ እርስዎ ይናገሩልኝ።

፦ እኔማ ሁለት በሬ አለኝ። የሚቀጥለው ዕጣ ወደኔ እንዲዞር ነው?

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጭቃ ሹም ላሟን ነዳ። እንጉዳይም ተከተለች። ደፍራ እንዳይመስላችሁ። ከላሟ መለየት አቅቷት ነው። ዋሻው ደጅ ካለ ቁጥቋጦ ኋላ ተሸሸገችና አየች። ጭቃ ሹም ዋሻውን አልፎ ቁልቁል ወረደ። ታች፣ ከመንደር የማይታይ በረት አለ። ላሟን እዚያ አስገባና ገመዷን ፈታ። በበረቱም የመንደሩ ከብት ሞልቷል!

እንጉዳይ ደነገጠችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ሳታውቀው ዋሻው ውስጥ ገባች።

፦ ማነው? አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

፦ ማ… ማንም አይደለሁም።

፦ ማንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይከብድም። ጅራቴ ላይ ቆመሻል፤ ውረጂ።

ዘንዶ! እውነተኛ ዘንዶ! ዘላ ወረደች። ግን አፉን ሲከፍት ብታይ አንድ ጥርስ የለው።

፦ ከብቶቹን… እርስዎ አይደሉም የሚበሉት?

፦ በምኔ? እንቁራሪት ነው የምውጠው። ያ ሰውዬ በደጄ ከብት ሲያሳልፍ ሰባት ዓመቱ ነው። እንደምን አመሸህ እንኳ ብሎኝ አያውቅ።

፦ እንግዲያው ይውጡና ይመስክሩልኝ፣ አባቴ።

፦ እኔ? በጦር እንዲወጉኝ? ሰው እፈራለሁ፣ ልጄ።

እንጉዳይ አየችው። ጎጆ የሚያህል ፍጡር ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። «እሱም ከፈራ፣ የቀረሁት እኔ ነኛ» አለች።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን አውጫጭኝ ይጠራልኝ አለቻቸው። አውጫጭኝ ማለት መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳይገለጥ ከአጥር ኋላ ሄዶ ለአድማጭ ሹክ ይላል። አድማጩ ማነው? ጭቃ ሹም ደረሶ! አምና አንድ ገበሬ የዘንዶውን ነገር ተጠራጥሮ ሹክ ቢለው፣ በወሩ ዕጣው በገበሬው በሬ ላይ ወጣ። ዕጣ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል!

እንጉዳይ ተነሣችና ወደ አጥሩ ሄደች። ጭቃ ሹም ጆሮውን ዘንበል አደረገላት። አየችውና ተመለሰች። ከመካከልም ቆመችና ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ከብቶቻችሁ ከገደሉ ሥር ናቸው። ጭቃ ሹም ነው የደበቃቸው» አለች።

ጭቃ ሹም ሣቀ።

፦ እስቲ በዘንዶው ደጅ ማን ያሳልፋችኋል?

፦ እኔ።

ከፊት ሆነች። ሰዉ በሩቅ ተከተላት፤ ማን አምኗት! ጦር የያዙት ወንዶች ከሴቶቹ ኋላ ነበሩ፤ ይህን አልጨመርኩም። ዋሻው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ቢሆንም አልሸሸችም። «አባቴ፣ ጅራትዎን ይሰብስቡልን፤ ሰው ሊያልፍ ነው!» ብላ ጮኸች። ያ ግንድ የሚያህል ጅራት እየተጎተተ ወደ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ አየ። ከዚያም አንድ በአንድ አለፉና ከብታቸውን አገኙ። የእንጉዳይም ላም ወልዳ ተገኘች።

ጭቃ ሹም ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ።

፦ እንጉዳይ እናቴ፣ ማሪኝ። አንቺ እኮ ቀና ብለሽ ሰው የማታዪ ጨዋ ነበርሽ። ዛሬ ምን ነካሽ?

እሷም መለሰችለት። ምን ብላ? አይ፣ መጀመሪያ እጃችሁን ልይ። ተረቴ ለጆሯችሁ፣ ቆሏችሁ ለአፌ! ከጨረስኩ በኋላማ ማን ያስታውሰኛል? ጨምሩ። ይህቺ ብቻ? ጨምሩ እንጂ። እንግዲህ እንዲህ አለችው፦

«ጨዋ አልነበርኩም፤ ፈሪ ነበርኩ። አንተም ልዩነቱን ታውቅ ነበር። በል ድንጋዩን ጣልና ጥጃዬን ተሸከም።»