የሚጥሚጣው ዘበኛ

ተረት ተረት፤ ላሚቱ ከበረት፣ እኛ ከደጃፍ።

ወይዘሮ ይታክቱ ደጃፋቸው ላይ በአሮጌ የዘይት ጣሳ ሚጥሚጣ ተከሉ። ፍሬው ቀልቶ ሊለቀም ሲል በየቀኑ ይጎድል ጀመር። የራሱን ጥላ እንኳ የሚጠረጥረው ውሻቸው፣ "ሚጥሚጣ የበላ ያለቅሳል፤ ሌባውን ከዓይኑ አገኘዋለሁ" ብሎ ተነሳ።

የፍየሏ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

"በልተሻል?" አላት።

ፍየሏ መዋሸት አታውቅምና፣ "ዛሬ አንዲት ፍሬ ቀምሼ አቃጠለችኝና ተፋኋት። ሁለተኛ አይለምደኝም" አለችው።

ውሻው እየጮኸ ከግቢ አባረራት።

ቀጥሎ ወደ ዶሮዋ ዞረ። ዶሮዋ ምንም ሳትደነግጥ አንገቷን አስግጋ፣ "ዓይኔን እየው፣ ጠብታ አለበት?" አለችው።

አየው፤ ደረቅ ነው።

"በይ እንግዲህ ጣሳውን አንቺ ጠብቂ" አላት።

ዶሮን ደግሞ ሚጥሚጣ አያቃጥላትም። በማግስቱ ጣሳው ላይ ቅጠል ብቻ ቀረ። ዶሮዋ ቀይ ቅርፊት የተጣበቀበትን መንቁሯን ግድግዳው ላይ ትጠርጋለች። ውሻው ተጠግቶ ዓይኗን ዳግመኛ መረመረ። አሁንም ደረቅ ነው።

ከዚያ ዞር ሲል፣ ዝንብ ወሮት የሚያለቅሰውን የአህያዋን ዓይን አየ።

"መጀመሪያም ጠርጥሬሽ ነበር" አላት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ እንጂ በሚጥሚጣ እንዳታብሱት።