ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ድርቅ ሲልብን ሶኬቱን ብንነቅለውስ?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ምንታምር። እጇ ሶኬቱ ላይ ነው። እኔ ስለ ኮምፒውተር ብዙም አልተማርኩም። «ቆይ፣ መጀመሪያ ተረት ልንገርሽ» አልኳት።

አንዲት ችኩል ልጅ ነበረች። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታነበውን ግጥም ኮምፒውተር ላይ ጻፈች፤ ሌላ የትም አልጻፈችውም። ልታትም ስትል ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። «ተዘግተህ ተከፈት!» አለችው።

«ግጥምሽን እያስቀመጥኩ ነው፤ ሙቀቱ አደከመኝ። አሁን አልዘጋም፣ እምቢ!»

ወደ ኮምፒውተሩ ማጥፊያ ቁልፍ ሄደች። «ቁልፌ፣ ፕሮግራሙ አልዘጋም አለ፤ በግድ ዝጋልኝ!»

«በግድ ከዘጋሁትማ ያላስቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። እምቢ!»

ወደ ጣቷ ዞረች። «ጣቴ፣ ፕሮግራሙ አልዘጋም አለ፤ ቁልፉ አልዘጋውም አለ፤ ቁልፉን ተጫነው!»

«ስተይብልሽ ውዬ? እምቢ!»

እናቷ ዳንቴል ወደምትሠራበት ኪሮሽ ሄደች። «ኪሮሼ፣ ፕሮግራሙ አልዘጋም አለ፤ ቁልፉ አልዘጋውም አለ፤ ጣቴ ቁልፉን አልጫንም አለ፤ ጣቴን ውጋልኝ!»

«ጣትሽ ምን በደለኝ? እምቢ!»

ወደ ክሩ ሄደች። «ክሬ፣ ፕሮግራሙ አልዘጋም አለ፤ ቁልፉ አልዘጋውም አለ፤ ጣቴ ቁልፉን አልጫንም አለ፤ ኪሮሹ ጣቴን አልወጋም አለ፤ ኪሮሹን እሰረው!»

«ተጠቅልዬ በተኛሁበት? እምቢ!»

ጓዳ ውስጥ ወደምትኖረው አይጥ ሄደች። «አይጤ፣ ፕሮግራሙ አልዘጋም አለ፤ ቁልፉ አልዘጋውም አለ፤ ጣቴ ቁልፉን አልጫንም አለ፤ ኪሮሹ ጣቴን አልወጋም አለ፤ ክሩ ኪሮሹን አላስርም አለ፤ ክሩን ቁረጪው!»

«ክር ይበላል እንዴ? ዳቦ ካለሽ አምጪ። እምቢ!»

ወደ ቤቱ ድመት ሄደች፤ ድመቷ ኮምፒውተሩ በለበሰው ዳንቴል ላይ ተጋድማለች። «እሜቴ ድመት፣ ፕሮግራሙ አልዘጋም አለ፤ ቁልፉ አልዘጋውም አለ፤ ጣቴ ቁልፉን አልጫንም አለ፤ ኪሮሹ ጣቴን አልወጋም አለ፤ ክሩ ኪሮሹን አላስርም አለ፤ አይጧ ክሩን አልቆርጥም አለች፤ አይጧን አባሪልኝ!»

ድመቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ይሄ ዳንቴል ከሥሩ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ማን ሞኝ ነው የሚነሣ? እምቢ!»

«ውይ፣ ግጥሟ ጠፋ በቃ?» አለች ምንታምር።

«ቆይ እንጂ!»

ልጅቱ ወተት በሳህን አመጣች። ድመቷ ዘላ ስትወርድ ዳንቴሉ ጥፍሯን ይዞ አብሯት ወረደ። አይጧ ድመቷን አይታ «እቆርጣለሁ!» ብላ ወደ ክሩ፣ ክሩ «አስራለሁ!» ብሎ ወደ ኪሮሹ፣ ኪሮሹ «እወጋለሁ!» ብሎ ወደ ጣቷ፣ ጣቷ «እጫናለሁ!» ብሎ ወደ ቁልፉ! ሊያርፍበት ትንሽ ሲቀረው፣ አየር ያገኘው ኮምፒውተር «እፎይ!» አለ።

«ጨረስኩ!» አለ ፕሮግራሙ፤ ግጥሙን አስቀምጦ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። እንደገና ስትከፍተው ግጥሙ አንድ ፊደል ሳይጎድለው አለ፤ አተመችው።

«ጣቷ ቢቀድም ኖሮስ?» አለች ምንታምር።

«እሑድ ባዶ እጇን ትቆም ነበራ!»

እስከዚያው የኛም ኮምፒውተር ነቅቶ ኖሯል። ምንታምር እጇን ከሶኬቱ አነሣችና ትክ ብላ አየችው። «እማዬ፣ የኛም እኮ ዳንቴል ለብሷል።»

ሦስት ወር የለፋሁበት፣ ሙሽራ አስመሰልኩት እያልኩ የምኮራበት ዳንቴል! «ዝም በይ አንቺ!» አልኳት፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ።

በማግሥቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣሁና ድመታችን በምትተኛበት ካርቶን ውስጥ አነጠፍኩላት።